በሳጥኑ ውስጥ የጎደለው አቡጀዴ

ክረምቱ ለቆ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል የቆርቆሮ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ወደ ግቢ አወጣዋለሁ። ውስጡ ያለው ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ፣ ሱቆች ሳይከፈቱ ሲውሉ፣ መብራትና ስልክ ተያይዘው ሲጠፉ፣ ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ ሲተነፍስ ለሚውልበት ቀን። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንዲህ ያለ ሳጥን፣ ካልሆነም በርሜል ወይም ጆንያ የሌለው ቤት ያለ አይመስለኝም። ብዙው ሰው አስቀምጦ ይረሳዋል። እኔ መርሳት አልችልበትም፤ በየጊዜው ከፍቼ ካላየሁት ሐሳብ ይሆንብኛል።

ባዶ ማዳበሪያ እዘረጋና ዕቃውን አንድ በአንድ አወጣለሁ። በሶውን እጄን ሰድጄ ከሥር አገላብጠዋለሁ፤ ድር ካበጀ ወይም መረር ካለ ለጎረቤት ላም ይሄዳል። ከክብሪቱ አንድ እንጨት እጭራለሁ፤ ክረምት የከረመ ክብሪት ጭንቅላቱ ይፈረፈራል እንጂ አይነድም። የባትሪ ድንጋዩ ዳር ዳሩን ነጭ ዱቄት ካወጣ ይጣላል። ጨው ረግቶ ድንጋይ ቢሆን ግን አይጣልም፤ በዘነዘና ተመትቶ ይመለሳል። የትኩሳት ክኒኑ፣ የተቅማጡ ዱቄት፣ የውሃ ማከሚያው፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ጊዜው እንዳያልፍ መነጽሬን እያጠጋሁ እያራቅሁ አነብባለሁ። የነጭ ጋዙን ጠርሙስ ነቅንቄ ድምፁን እሰማለሁ። ሻማዎቹን ሙቀት አጣምሟቸው እንደሆነ አያለሁ፤ የተጣመመ ሻማም ያበራል፣ ግን እኔ ቀጥ ያለውን እፈልጋለሁ። የጎደለው ይሞላል፤ ያረጀው ይለወጣል፤ ያልተነካው ወደ ቦታው ይመለሳል።

እናቴ ከበሩ ጎን ካለው መደብ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። ክዳኑን ስገጥመው ነው የምትናገረው።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስሁ እምዬ።»

«የእኔስ?»

የእኔ የምትለው መግነዟን ነው።

እናቴ ቋሪት ደጋ ላይ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ያረጀች ሰው ናት። አባቴ ከሞተና ጉልበቷ ከከዳት በኋላ ነው እኔ ዘንድ ያመጣኋት። ስትመጣ የያዘችው ዕቃ ጥቂት ነበር። ከዚያ ውስጥ አንዱ በነጠላ የተቋጠረ አዲስ አቡጀዴ ነበር፤ ከአቡጀዴው ጋር ጧፍ፣ ለብቻው ደግሞ ተጠቅልሎ የታሰረ ሰሌን። አገራችን ዕድሜው የገፋ ሰው የሚገነዝበትን ጨርቅና የሚጠቀለልበትን ሰሌን ራሱ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ሳያዘጋጅ የሞተን ሰው ሰው ይታዘበዋል፤ ሬሳው ቤት ውስጥ ተኝቶ ልጆቹን ገበያ ለገበያ ያዞረ ይባላል። እናቴ አቡጀዴዋን የገዛችው ገና ጉልበት እያላት፣ ከቅቤና ከዕንቁላል ባጠራቀመችው ነው። የንስሐ አባቷ ጠበል ረጭተውላት ነበር። አንዳንዴ አውጥታ ፀሐይ ታስመታውና፣ ብል እንዳልነካው አይታ፣ አጣጥፋ ትመልሰው ነበር። ልጅ ሆኜ ያን ጨርቅ ለሠርግ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ትምህርት የጀመርሁት እኩዮቼ ልጅ አዝለው በሚሄዱበት ዕድሜ ነው። በማታው ክፍለ ጊዜ ከእኔ ከሚያንሱ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቄ ተማርሁ፤ ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። መጻሕፍት በቁመታቸው ሲደረደሩ የሚናደድ ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ በይዘታቸው መሆን አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ነርስ ትምህርት ቤታችን መጥታ አንድ ቤት ለችግር ጊዜ ምን ምን ማስቀመጥ እንዳለበት አስረዳችን። ያለችውን ሁሉ ይዤ ሳጥኑን ገዛሁ፤ ሞላሁት።

እናቴ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና፣ «ይኸ ሁሉ ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ችግር ቢመጣ ነው።»

«ችግር ቢመጣ ምን ይሆናል?»

«መንገድ ይዘጋል። ገበያ አይቆምም። ውሃ ይጠፋል።»

«ሰውስ አይሞትም?»

በሶውን ወደ ሳጥኑ አስገባሁ።

«ነርሷ እሱን ረስታዋለች» አለችና ተነሥታ ነጠላዋን ፈታች። አቡጀዴውን አምጥታ ሳጥኑ ውስጥ ልታስገባ ስትል እጇን ያዝሁት።

«ከሚበላ ነገር ጋር እምዬ?»

«አንች ደግሞ። እኔ በሶው ላይ ልተኛ መሰለሽ? አዲስ ጨርቅ ነው እኮ፤ ካንች ቀሚስ ይጠራል።»

በላስቲክ ጠቅልዬ ከታች፣ ከቤቱ ካርታ ሥር አደረግሁት። ሰሌኑን ከሳጥኑ ጀርባ አቆምነው። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ የሁለታችንም ሆነ። እኔ በከፈትሁት ቁጥር የምፈልገው ብንተርፍ የምንበላውንና የምናበራውን ነበር፤ እሷ የምትጠይቀኝ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ደረቅ ነው? ብል አልገባውም? ደረቅ ነው ስላት ደስ ብሏት ወደ ጸሎቷ ትመለስ ነበር።

ከጓሯችን ባለችው ክፍል የምትኖር ተከራይ ነበረችን። የትውልድ አገሯ ሊበን ነው፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ሣቂታ። መናኸሪያው አካባቢ ሻይና ዳቦ ትሸጥ ነበር። ማታ ስትመለስ መጀመሪያ ወደ ክፍሏ አትገባም፤ እናቴ ዘንድ ትመጣለች።

«አንች ልጅ» ትላታለች እናቴ፣ «ሻይሽ ውሃ ነው እያሉ ያሙሻል።»

«ስኳሩም ቅጠሉም ተወዶ እማማ። ቀለሙን ካዩልኝ ይበቃል።»

«ቀለሙን እንኳ አየሁ የሚል አላገኘሁም።»

«እንግዲያ ነገ አመጣልዎታለሁ፤ እርስዎ ይመስክሩልኝ።»

በማግስቱ በትንሽ ፔርሙዝ ታመጣለች። እናቴ ቀምሳ፣ «እውነትም ውሃ ነው» ትላታለች፤ ሁለቱም ይሣሣቃሉ። እኔ ከመጽሐፌ ቀና ብዬ እሰማቸዋለሁ። እናቴን እንደዚያ ማሣቅ እኔ አልችልበትም ነበር፤ ስለዚህ ልጅቱ ስትቆይብን ደስ ይለኝ ነበር።

መንገድ ከተዘጋባቸው ጊዜያት በአንዱ ልጅቱ ታመመች። ትኩሳት ነበራት፤ የበላችውም የጠጣችውም አይረጋላትም። ከቤት ወጣ ማለት የማይቻልባቸው ቀኖች ነበሩ። ሳጥኑን ከፍቼ ዱቄቱን በጥብጬ በማንኪያ አጠጣኋት፤ ክኒኑን ሰጠኋት፤ ውሃዋን አከምሁላት። ሁሉም ነበረኝ፤ አንዱም ጊዜው አላለፈበትም። ነርሷ እንዳለችው አደረግሁ። አንድ ቀን የተሻላት መሰለን፤ ቁጭ ብላ ፀጉሯን እንኳ አሰረች። ከዚያ መልሶ ጣላት፤ አንድ ማለዳ፣ እናቴ እጇን እንደያዘቻት አረፈች።

ለሊበን ዘመዶቿ የምንደውልበት ስልክ አልነበረም። ጎረቤት ተሰበሰበ። ያለቀሰው ሰው ድምፁን ውጦ ነው ያለቀሰው። መቃብሩ ከአቅራቢያችን ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተነጋገሩ፤ ቄሱም ተገኙ። የጎደለው የምትገነዝበት ጨርቅ ነበር። አንድ ጎረቤታችን በጓሮ በጓሮ ሄዶ የጨርቅ ነጋዴዎቹን መደዳ አይቶ መጣ።

«አንድም የተከፈተ የለም። ባለቤቶቹም ቤታቸው የሉም» አለ።

«ነጠላ የላትም?» አለች አንዷ።

«አላት፤ አርጅቷል።»

እኔ ቤት ታጥቦ የተቀመጠ ነጭ አንሶላ ነበረኝ። እሱን ላምጣ አልሁ። ያኔ እናቴ ከተቀመጠችበት ተናገረች።

«በአንሶላ?»

«ንጹሕ ነው እምዬ።»

«አንሶላ ተኝቶ ለሚነሣ ሰው ነው።» ድምፅዋን አላነሣችም። «እናቷ ነገ ከሊበን መጥታ ልጄ ምን ለብሳ ሄደች ብትላችሁ ምን ልትሏት ነው? አንሶላ?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሳጥኑን ክፈችው» አለችኝ።

ምን እንደምትል ገብቶኛል። ግን ቆምሁ።

«አንችን ነው እኮ።»

በሶውን አወጣሁ፤ ጨውን፣ ሻማውን፣ መድኃኒቱን አወጣሁ። ሰዎቹ ያዩኝ ነበር። ከሁሉም ሥር ላስቲኩን አገኘሁት። እናቴ ጭኗ ላይ አድርጋ ፈታችው፤ ጨርቁን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ከዚያ ለሴቶቹ አቀበለቻቸው።

«ቀጭን ናት፤ ይበዛላታል። እጥፍ አድርጉላት» አለቻቸው። ሰሌኑንም ከሳጥኑ ጀርባ ራሷ ጎትታ አወጣችው። ሴቶቹ አጥበው ገነዟት። እናቴ ለቀብሩ መከተል ስላልቻለች እስክንመለስ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችን።

መንገድ ሲከፈት የልጅቱ እናት ከሊበን መጣች። የደረሰችው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድምፅዋ አልቆ ነው። አልቅሰው፣ አልቅሰው ሲያበቁ መጀመሪያ የጠየቀችው እናቴ ትጠይቃለች ያለችውን ነው።

«ምን ለብሳ ሄደች?»

እናቴ ነገረቻት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እርስዎስ እናቴ? እርስዎ ምን ሊለብሱ ነው?» አለቻት።

«እኔማ ልጅ አለችኝ» አለች እናቴ፣ ወደ እኔ እያየች።

በዚያው ሳምንት ከሳጥኑ የወጣውን ሁሉ ተካሁ። ክኒኑን፣ ዱቄቱን፣ የውሃ ማከሚያውን ገዛሁ። ሰሌን የምትሠራ ሴት ፈልጌ ሰሌኑን እንኳ ተካሁ። አቡጀዴውን ግን አልገዛሁም። አንድ ጊዜ መንገዱ ነው አልሁ። አንድ ጊዜ ሱቅ ያለው ስስ ነው፣ የተሻለ እስኪገባ እንቆይ አልሁ። ከፋሲካ በኋላ አልሁ፤ ፋሲካ አለፈ። ክረምት ገባ፤ በክረምት ጨርቅ ይሻግታል አልሁ።

ነገሩ ሌላ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎች የድመትና የጉጉት ገድ ሲያወሩ የምገሥጽ ሰው ነኝ። ሆኖም እናቴ መግነዟ እስካልተሟላ ድረስ የትም አትሄድም የሚል ሐሳብ ውስጤ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። እሷ ምንም ነገር ሳይሟላ የምትነሣ ሰው አይደለችም፤ ቋሪት ስንኖር እንኳ ገበያ ለመሄድ ከዋዜማው ዕቃዋን አሰናድታ ነው የምታድረው። እንግዲህ ሳጥኑ ውስጥ ያ ጨርቅ ከሌለ መንገዷ አልተሰናዳም ማለት ነው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለራሴም በግልጽ አላልሁትም።

እናቴ መጀመሪያ ትቀልድብኝ ነበር።

«የሻማው ጊዜ አለፈ?»

«ሻማ ጊዜ የለውም እምዬ።»

«እኔ ግን አለኝ።»

በኋላ ቀልዱን ተወችው። መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር፣ «ሱቁ ክፍት ነው?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። ስኳር ወይም ሳሙና የፈለገች ይመስለኝና፣ «ምን ልግዛልሽ?» እላታለሁ። «እንደው ነው» ትለኛለች። ወሬ በመጣበት ሰሞን ምግብ አይወርድላትም። ሌሊቱን ስትገላበጥ ታነጋለች። ማለዳ መጀመሪያ የምታደርገው በሩን ከፍታ ሰው ሲያልፍ መስማት ነው። ደም ግፊቷ ነው ብዬ መድኃኒቷን ጨመርሁላት እንጂ የምትፈራው ምን እንደሆነ አልገባኝም።

የነገረችኝ ጎረቤታችን ናት፤ እናቴን በዕድሜ የምትቀርብ፣ ከቅዳሴ ስትመለስ እሷን ሳታይ የማታልፍ ሴት። ውሃ ስንቀዳ ጀሪካኗን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«እናትሽ ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን ትልዎታለች እማማ?»

«ሱቁ በተዘጋ ቀን እንዳልሞት ጸልዪልኝ ትለኛለች። ራቁቴን እንዳልሄድ ትለኛለች።»

ባልዲዬ ሞልቶ ይፈስሳል።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ? ቸገረሽ?»

«አልቸገረኝም።»

«እንግዲያ ምንድን ነው?»

ባልዲውን ከቧንቧው ሥር ጎተትሁት።

«ከተቸገርሽ የጽዋ ማኅበራችን ያዋጣል። እሷ ለባዕድ ልጅ ያወጣችውን እኛ ለእሷ አናጣም። ቸገረኝ በይ፣ ነውር የለውም።»

«እኔ ነኝ የምገዛው» አልኋት።

በማግስቱ ቡሬ ሄድሁ። ቡሬ ዕቃ ገብቷል ይባል ነበር፤ ለሳጥኑም የባትሪ ድንጋይና ሻማ ያስፈልገኝ ነበር። ግን የሄድሁበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ፍኖተ ሰላም ያሉት የጨርቅ ነጋዴዎች ያውቁኛል፤ አቡጀዴ ስላቸው ማን ሞተ ይሉኛል። በመንገድ ላይ በርበሬው ቀልቷል፤ በቆሎው ደርቆ ቆሟል፤ አንዳንዱ ማሳ ግን ሳይታረም የቀረ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ብዙም አያወራም። ሾፌሩ ከፊት የሚመጣ መኪና ባየ ቁጥር ቀስ ብሎ መስኮቱን አውርዶ፣ «ሰላም ነው?» ይላል። ሰላም ነው ሲሉት ይነዳል።

ድንጋዩንና ሻማውን ቀድሜ ገዛሁ። ከዚያ አንድ ሰፊ የጨርቅ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው።

«አቡጀዴ አለ ሐጂ?»

«ሞልቷል። ለምን ሊሆንሽ ነው?»

«ለኮርኒስ» አልኋቸው።

«ለኮርኒስ ከሆነ ይኼ ይበቃሻል።» አንድ ጥቅል አውርደው ዘረጉልኝ። ጨርቁ ስስ ነው፤ በሩ በኩል የሚያልፈው ሰው ከጀርባው ይታያል።

«ጠበቅ ያለ የለም?»

ሌላ አወረዱ። እሱንም ዳበስሁት፤ ክሩ ሻካራ ነው። የእናቴ የድሮው እንዲህ አልነበረም።

«ከዚህ የሚሻል ካለ?»

«ልጄ፣ ኮርኒስሽ ብርድ ይፈራል እንዴ?» አሉና ሣቁ። ከዚያ ፊቴን አዩት። መነጽሬን አውልቄ እየጠረግሁ ነበር። ሣቃቸውን ትተው ጥቅሎቹን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና በርጩማ አቀረቡልኝ።

«የማን ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የእናቴ።»

«አረፉ?»

«አላረፈችም። ደህና ናት።»

«እንኳን ደህና ሆኑ። ታዲያ በሕይወት ላሉ ሰው እንዲህ ይለቀሳል?» ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለች ነገር አሳዩኝ። «ያቻት የእኔ ከፈን፤ እናንተ መግነዝ የምትሉት። ካስቀመጥኋት ስንት ዓመቷ። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ሳልኖር ልጆቼ ለደንበኛ ቆርጠው እንዳይሸጡብኝ።»

እንባዬ ሳይደርቅ ሣቄ መጣ። እሳቸውም ይህን ፈልገው ኖሮ ተነሥተው ከውስጥ ሌላ ጥቅል አመጡ። ስነካው አወቅሁት፤ ጠበቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ እናቴ በዳበሰችው ቁጥር ደስ የሚላት ዓይነት ነው።

«ቁመታቸው እንዴት ነው?»

እናቴን በዓይነ ኅሊናዬ አየኋት። ከቋሪቱ ቤታችን ስትወጣ በበሩ ጎንበስ ማለት ነበረባት። እንስራ ተሸክማ ስትመጣ ከሩቅ የምለያት በቁመቷ ነው።

«ከእኔ ትረዝማለች» አልኋቸው።

እኔን በሜትር ለክተው ጨመር አደረጉበት። ዋጋውን እኔም አልተከራከርሁም፤ እሳቸውም ጥቂት ቀነሱልኝ። ሲሸኙኝ፣ «ለእናትሽ ሰላም በይልኝ፤ አንድ መደርደሪያ ላይ ነን በያቸው» አሉኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ነበረች። ጥቅሉን ጭኗ ላይ አስቀመጥሁላት። በመዳፏ ዳበሰችው፤ በሁለት ጣቷ ፈተገችው፤ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ በብርሃን አየችው።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከቡሬ።»

«ሰውየው ጨርቅ ያውቃል።» ከዚያ ጨርቁን በእጇ መዘዝ መዘዝ እያደረገች ጫፉን ፈለገች። «ግን ረዘመ።»

«ከእኔ ትረዝሚያለሽ ብዬ ነው።»

«መቼ?» አለችኝ።

የጨርቁን ጫፍ ከእጇ ወሰድሁ።

«በይ እስኪ ለኪኝ።»

«እሺ፤ ብድግ በይ፣ ቆመሽ ልለካሽ።»

«ቆሜ ነው እንዴ የምሄደው?»

ራሷ ነጠላዋን አስተካክላ በጀርባዋ ተኛች። እግሮቿን ገጠመች፤ እጆቿን ከጎንና ጎኗ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ሳላስበው በሩን ሄጄ ዘጋሁት። ከዚያ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኬ አቡጀዴውን ከራሷ በላይ ጀምሬ በጎኗ ዘረጋሁት። ትከሻዋ ጋ ደረስሁ፤ ዳሌዋ ጋ ደረስሁ። የመሰለኝን ያህል እጄን ወደ ታች ስሰድድ እግሯ እዚያ አልነበረም። እግሯ ወደ ላይ ነው፤ ብዙ ወደ ላይ። ቤተ መጻሕፍት መጀመሪያው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ትንንሾቹ ሴት ልጆች ይህን ያክላሉ። በየቀኑ ገላዋን የማጥብላት፣ የማለብሳት፣ ደግፌ የማስነሣት እኔ ነኝ፤ ግን ጎንበስ ያለች ሰው እያየሁ ቀና ስትል የድሮዋን የምታክል መስሎኝ ኖሯል።

ተረከዟን በእጄ ይዤ ቀረሁ። ቀዝቅዟል።

«ያዝሽው?» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ያዝሁት።»

«ስንት ተረፈ?»

«ብዙ ነው የተረፈው እምዬ።»

«ከራስና ከእግር የሚታጠፈውን ተይለትና ቁረጭው።»

«ለምን ይቆረጣል? እንዳለ ይቀመጥ።»

ዓይኗን ገለጠች። ወደ ኮርኒሱ እያየች ትንሽ አሰበች።

«ለልጅ ይበቃል» አለች። «ሰው ለልጅ አያዘጋጅም። ልጅ ሞቶ ሱቅ ተዘግቶ ቢሆን እናትየዋ ምን ታደርጋለች?»

መቀስ አመጣሁ። ጫፉን በመቀሱ ጀመርሁለትና በእጄ ቀደድሁት፤ ጠበቅ ያለ አቡጀዴ ሲቀደድ ድምፁ ቤቱን ይሞላዋል። እናቴ ተነሥታ ተቀምጣ ሁለቱንም ራሷ አጣጠፈቻቸው። የእሷን በላስቲክ ጠቅልዬ ከድሮው ቦታ ከሥር ላስገባ ስል ከለከለችኝ።

«ከላይ ይሁን። ባለፈው ስትፈልጊ ዕቃውን ሁሉ በሰው ፊት ዘረገፍሽው።»

ከላይ አደረግሁት። የትንሹን ቦታ ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። በመጨረሻ ከእሷው ጋር፣ ከእሷው ሥር አስገባሁት። ያን ማታ ፍትፍት አቀረብሁላት፤ ጨርሳ በላች።

ጥቂት ቆይቶ መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ እንደገና መጣ። ሰው ወደ ሱቅ ሲሮጥ በአጥራችን በኩል ይሰማ ነበር። እናቴ ሱቁ ክፍት ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። መደቧ ላይ ሆና እግሯን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ዐልፎ ዐልፎ ታንቀላፋለች። እፎይ ማለቷን አየሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢያችን ሕፃን አዝላ የምትገባ ሴት ባየሁ ቁጥር ልጁን ዓይኔ ይለካዋል። እንዳልለካው ወደ ሌላ እዞራለሁ።

በመጪው ዓመት ክረምቱ ሲለቅ ሳጥኑን እንደገና እከፍታለሁ። በሶው ቢነቅዝ፣ ክብሪቱ ቢረጥብ፣ ሻማው ቢጣመም ግድ የለኝም፤ እለውጠዋለሁ። የእናቴም የእናቴ ነው፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም። ያችን ትንሽ ቁራጭ ግን እዚያው ባገኛት እወዳለሁ። አቡጀዴ ሲቆይ ይበልዛል፣ ቢጫ ይሆናል ይላሉ። ቢጫ ትሁን።